አብስትራክቴ ለፖስተር አለፈ፤ አሁን ምን ላድርግ?

ጥያቄው ሲያጥር እንዲህ ይላል፦ «ጅማ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ የቡና አደራረቅ ላይ ነው። ማና እና ጎማ ወረዳ ውስጥ እሸቱን በመሬት፣ በሸራና በአልጋ (ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨትና የመረብ ማስጫ) ላይ፣ በ2፣ በ4 እና በ6 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አስጥቼ ጥራቱን አወዳደርኩ። አዲስ አበባ ለሚካሄድ ኮንፈረንስ አብስትራክት (የሥራዬን አጭር ማጠቃለያ) ልኬ ለፖስተር፣ ማለትም በትልቅ ወረቀት አሳትሜ ሰሌዳ ላይ ሰቅዬ አጠገቡ ቆሜ እንዳስረዳ፣ ተቀበሉኝ። የፈለግኩት መድረክ ላይ ማቅረብ ነበር፣ ትንሽ ከፍቶኛል። አማካሪዬ ውጤቱን በሙሉ አስገቢ ብለውኛል፣ 9 ሠንጠረዥ አለኝ። ጅማ ላሳትም ወይስ አዲስ አበባ? ጆርናል ላይ ሳይወጣ ፖስተር ላይ ባወጣውስ ችግር አያመጣብኝም? እዚያ ቆሜስ ምን እላለሁ? ሦስት ሳምንት ነው የቀረኝ።»

ከመከፋትሽ ልጀምር። ፖስተር ለመድረክ ያልበቃ ሥራ ማለት አይደለም። አዘጋጆቹ ያላቸው ሰዓትና አዳራሽ የተወሰነ ነው፣ ስለዚህ ብዙ ጥሩ ሥራ ወደ ፖስተር ይሄዳል። አንዳንዱ ሥራ እንዲያውም ለፖስተር ይሻላል፣ ያንቺም ከዚያ ውስጥ ነው። መድረክ ላይ ብትወጪ 10 ወይም 15 ደቂቃ ታወሪያለሽ፣ ሁለት ሰው ይጠይቅሻል፣ ከዚያ ሰብሳቢው «ሰዓት አልቋል» ይልሻል። ፖስተርሽ ጋ ግን ቡና ላኪው ይመጣል፣ ቀማሹ ይመጣል፣ ከምርምር ማዕከል የመጣው ባለሙያ ይመጣል፣ ሁሉም የየራሱን ጥያቄ ይዞ ፊት ለፊትሽ ይቆማል። አንዱን ሃያ ደቂቃ ልታወሪው ትችያለሽ። ስልክ የምትለዋወጪው፣ «ናሙናውን ላኪልን፣ እኛም እንቅመሰው» የሚልሽን ሰው የምታገኚው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ። አማካሪሽ ሁሉንም አስገቢ ያሉት ሥራሽ ተንቆ እንዳይታይ ብለው ነው፣ ስጋታቸው ይገባኛል። ግን በዚህ አልስማማም። ፖስተር የመመረቂያ ጽሑፍ ተቆራርጦ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍበት ቦታ አይደለም። አንባቢሽ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ፣ በአንድ እጁ ስኒ ይዞ፣ ዙሪያውን ሰው እያወራ ነው የሚያነበው። አጠገብሽ ሌላ ብዙ ፖስተር አለ። 9 ሠንጠረዥ ካየ ቆሞ አይለቅምም፣ ያልፋል። ማለፉ ደግሞ የሱ ጥፋት አይደለም።

ከአማካሪሽ ጋር በቃል አትከራከሪ። ሁለት ረቂቅ ሠርተሽ ሂጂ፤ አንዱ ሁሉም ነገር የገባበት፣ ሌላው የተቀነሰው። ሁለቱንም በኤ ፎር ወረቀት አትመሽ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጪና «የትኛው ይነበብዎታል?» ብለሽ ጠይቂያቸው። የቀሩትን ሠንጠረዦች በማኅደር አድርገሽ እጅሽ ላይ እንደምትይዣቸው፣ ሰው ከጠየቀ እንደምታሳዪም ንገሪያቸው። አብዛኛው አማካሪ ሥራው እንደማይጠፋ ሲያውቅ ይስማማል።

ከሁሉ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ፈልጊ። ኮምፒውተር ሳትከፍቺ፣ ወረቀት ላይ። አሁን ያለሽ ርዕስ ምናልባት «በጅማ ዞን ማናና ጎማ ወረዳዎች የማድረቂያ ዘዴና የንጣፍ ውፍረት በቡና ጥራት ላይ ያላቸው ተጽዕኖ ግምገማ» የሚል ዓይነት ነው። እንዲህ ያለው ርዕስ ምን እንደሠራሽ ይናገራል፣ ምን እንዳገኘሽ ግን አይናገርም። ለመመረቂያ ጽሑፍ ይሆናል። ለፖስተር ግን «አልጋ ላይ በስሱ የደረቀ ጀንፈል የተሻለ የስኒ ጥራት አለው» የሚለው ይሻላል (ጀንፈል ከነገለባው የደረቀ ቡና ነው፣ የስኒ ጥራት ደግሞ ቀማሾች ቀምሰው ነጥብ የሚሰጡት)፣ ውጤትሽ ያንን ካለ ማለቴ ነው። ሌላ ካለ ሌላውን ጻፊ። ልዩነት ካላገኘሽም «ውፍረቱ ለውጥ አላመጣም» ብሎ መጻፍ ነውር የለውም፣ ብዙ ገበሬ ሊያውቀው የሚፈልገው ነገር ነው። እንግሊዝኛው ርዕስ ላይም ነገሩ ያው ነው።

ማይክ ሞሪሰን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተማሪ በ2019 እ.ኤ.አ. በዩቲዩብ ባወጣው ቪዲዮ ይህን ሐሳብ ዳር ድረስ ወስዶታል። የፖስተሩን መካከል ለአንድ ትልቅ ዓረፍተ ነገር ብቻ ለቆ፣ ዝርዝሩን ወደ ጎን ገፍቶ፣ ለቀረው ኪው አር ኮድ አደረገለት። ብዙ ሰው ተቀብሎታል። እኔ ዓረፍተ ነገሩን እወስዳለሁ፣ መካከሉን ባዶ ማድረጉን ግን አልወስድም። እንዳንቺ ያለ የመስክ ሙከራ ሰው አምኖ እንዲቀበለው መረጃው ከዓረፍተ ነገሩ ሥር መታየት አለበት። ግራፉን ያላየ ባለሙያ ዓረፍተ ነገርሽን ዝም ብሎ አያምንሽም።

ግራፉን በተመለከተ ዕድለኛ ነሽ። ሦስት ማድረቂያና ሦስት ውፍረት ነው ያለሽ፣ 9 ጥምር ማለት ነው። ይህ በአንድ ግራፍ ያልቃል። ከታች በአግድሙ ውፍረቱን አድርጊ፣ በቁመቱ የስኒ ነጥቡን፣ ከዚያ ለመሬት፣ ለሸራና ለአልጋ አንዳንድ መስመር። መስመሮቹ እኩል ተራርቀው ከሄዱ ውፍረቱ በሁሉም ማድረቂያ ላይ የሚያመጣው ለውጥ አንድ ዓይነት ነው። እየተራራቁ ወይም አንዱ ሌላውን እያቋረጠ ከሄዱ ግን ውፍረቱ በአንዱ ላይ ከሌላው የበለጠ ይጎዳል ማለት ነው፤ ይሄኔ የሥራሽ ዋና ግኝት እሱ ሊሆን ይችላል። ይህን ከሠንጠረዥ ለማውጣት ሰው ብዙ ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ከግራፍ ግን በአንድ እይታ ያየዋል። ሁለተኛው ግራፍ የእርጥበቱ ይሁን፦ ቀኑ ከታች፣ የእርጥበት መጠኑ በቁመት፣ ከ10 እስከ 12 በመቶ ያለው የሚፈለገው ደረጃ በፈዛዛ ቀለም ተሰምሮ። የትኛው በስንት ቀን እዚያ እንደደረሰ ወዲያው ይታያል። የስህተት መስመሮቹን (ቁጥሩ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል የሚያሳዩትን) አትርሺ። ስንት ድግግሞሽ እንደነበረሽ፣ ስንት ቀማሽ እንደቀመሰውና ቀማሾቹ የትኛው የትኛው እንደሆነ ያውቁ እንደነበር ከግራፉ ሥር ጻፊ። የመጀመሪያው ጠንካራ ጥያቄ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ሦስተኛው ምስል ፎቶ ነው፦ አልጋው፣ ጀንፈሉ፣ የውፍረቱ መለኪያ። በፎቶው ላይ ፊቱ የሚታይ ገበሬ ካለ ፈቃዱን ጠይቂ፣ ከሌለሽ እጁን ብቻ የሚያሳየውን ምረጪ። ሌላውን አሳጥሪው። መግቢያው ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ዘዴው አራት ወይም አምስት፣ መደምደሚያው ሁለት። አብስትራክቱን ፖስተሩ ላይ መልሶ መለጠፍ አያስፈልግም፣ ፖስተሩ ራሱ አብስትራክት ነው። በጠቅላላው ከ400 ቃል ባትበልጪ ጥሩ ነው። የአንድ ወቅት ሥራ ብቻ ከሆነ ደግሞ እሱን በግልጽ ጻፊ። በቡና ለቀማ ሰሞን ዝናብ ሲያስቸግር የጅማ ሰው ያውቀዋል፣ ዘንድሮ የሆነው ለከርሞ ላይደገም ይችላል። ራስሽ ቀድመሽ ስትጽፊው ሐቀኝነት ነው፣ ሌላ ሰው ሲያገኘው ግን ጉድለት ይሆንብሻል።

መጠኑን ከራስሽ አታምጪ። የተላከልሽን ደብዳቤ እንደገና አንብቢ፣ ቁመትና ወርዱን፣ ሰሌዳው ቁም ወይም አግድም መሆኑን ይጽፋሉ፣ ካልጻፉ ዛሬውኑ ጠይቂ። አግድም ሠርታ ቁም ሰሌዳ ላይ ግማሹ ተንጠልጥሎባት የዋለች ተማሪ አይቻለሁ። በብዛት የሚጠየቀው ኤ ዜሮ ነው፦ 84.1 በ118.9 ሴንቲ ሜትር። በፓወርፖይንት የምትሠሪ ከሆነ ይህን መጠን መጀመሪያ ላይ አስገቢ። በተለመደው ስላይድ ሠርተሽ መጨረሻ ላይ ብታሳድጊው ምስሉ ይለጠጣል፣ ጽሑፉም ቦታውን ይለቃል። የፊደሉ መጠን ለርዕሱ ከ85 ነጥብ በላይ፣ ለክፍል ርዕሶች ከ40 በላይ ይሁን፣ የውስጡ ጽሑፍ ደግሞ ከ28 ባይወርድ ይመረጣል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ኤ ዜሮ በኤ ፎር ላይ ሲታተም ቁመቱም ወርዱም ልክ ሩብ ይሆናል፣ ስለዚህ 28 የነበረው ፊደል 7 ይሆናል። ያንን ኤ ፎር ዓይንሽን ሳትጨፍኚና ሳታጠጊው ማንበብ ከቻልሽ አዳራሹ ውስጥም ይነበባል። ካቃተሽ ፊደሉን ከማጥበብ ጽሑፉን ቁረጪ።

ቀለም ላይ ብዙ አልልም። ነጭ መደብ፣ ጥቁር ጽሑፍ፣ አንድ ሁለት ቀለም ለግራፉ። ግን ቡና ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ ቀይና አረንጓዴ ይወዳል፣ ሁለቱን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች ደግሞ አሉ፣ በተለይ ወንዶች። ሦስቱን መስመሮች በቀለም ብቻ አትለያቸው፣ አንዱን ሙሉ፣ አንዱን ነጠብጣብ፣ አንዱን ቆረጥ ቆረጥ አድርጊው፣ ስማቸውንም መስመሩ ጫፍ ላይ ጻፊው።

ህትመቱ ጅማ ይሁን። አዲስ አበባ ደርሼ አሳትማለሁ ማለት 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘሽ፣ ደክሞሽ፣ በማታውቂው ሰፈር ማተሚያ ቤት ፍለጋ መሮጥ ነው፣ ስህተት ከተገኘም የምታርሚበት ጊዜ የለም። ጅማ ብታሳትሚ ግን ከመሄድሽ አምስት ቀን በፊት እጅሽ ይገባል። ዋጋውን በካሬ ነው የሚነግሩሽ፣ ኤ ዜሮ ደግሞ ስፋቱ ልክ 1 ካሬ ሜትር ነው፣ ስለዚህ የአንድ ካሬ ዋጋ ጠይቂና ጨርሺ። ሰፊ ወረቀት የሚያትም ካገኘሽ ወረቀቱን ምረጪ፣ ፊደሉ ይጠራል። ያለው ባነር ብቻ ከሆነም አይከፋም። ዝናብ አይፈራም፣ አይቀደድም። ችግሩ የባነር ማሽን ከሩቅ ለሚታይ ማስታወቂያ የተሠራ መሆኑ ነው፣ ትንንሽ ፊደል ላይ ሊደበዝዝ ይችላል። ሙሉውን ከመክፈልሽ በፊት ትንሹ ፊደልና አንዱ ግራፍ ያለበትን ቁራጭ በትክክለኛ መጠኑ አሳትመሽ እዪ።

ስትሄጂ የፓወርፖይንት ፋይሉን ብቻ ይዘሽ አትሂጂ፣ ይህን አጥብቄ እነግርሻለሁ። የተጠቀምሽበት የግዕዝ ፊደል እነሱ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ጽሑፍሽ በሙሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ይሆናል። በፒዲኤፍ አስቀምጪው፣ ፊደሎቹ አብረው መግባታቸውንም በሌላ ሰው ኮምፒውተር ከፍተሽ አረጋግጪ። ሌላው፣ ልጆቹ ብዙ ጊዜ ፒዲኤፉን በፎቶሾፕ ነው የሚከፍቱት፣ ያኔ ፕሮግራሙ በስንት ጥራት (በአንድ ኢንች ስንት ፒክስል) ልክፈተው ብሎ ይጠይቃል። የባነር ልማድ ስላላቸው 72 ላይ ሊከፍቱት ይችላሉ። የአንድ ተማሪዬ ፖስተር እንዲህ ተከፍቶ ታትሞ የግራፉ ቁጥሮች በሙሉ ጭጋግ መስለው ወጡ፤ ልጅቷ ማታውኑ ተሳፋሪ ነበረች፣ ያንኑ ይዛ ሄደች። አጠገባቸው ቁሚና ቢያንስ 150፣ ከተቻለ 300 እንዲያደርጉት ጠይቂ።

ፎቶውም እንደዚያው ነው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ይጨመቃል፣ ስለዚህ ጓደኛሽ ያነሳውን «እንደ ፋይል ላክልኝ» በዪው። ሒሳቡ ይህ ነው፦ 1,200 ፒክስል ስፋት ያለው ፎቶ በ150 ሲታተም 8 ኢንች፣ ማለትም 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚሸፍነው። ከዚያ በላይ ከለጠጥሽው ይደበዝዛል። ግራፎችሽንም በስክሪን ሾት አትውሰጂ፣ ከሠራሽበት ፕሮግራም በቀጥታ አውጪያቸው።

ለጉዞው ከህንፃ መሣሪያ መደብር 90 ሴንቲ ሜትር የፕላስቲክ ትቦ አስቆርጪና ጠቅልለሽ አስገቢበት። ባነርም ቢሆን አትጠፊው፣ የታጠፈበት መስመር አይለቅም። አውቶብስ ላይ ከታች ከሻንጣ ጋር አትስጪ፣ እግርሽ ሥር ይሁን። ስፒል ባነር ላይ ሁልጊዜ አይይዝም፣ ባለሁለት ፊት ፕላስተርና መቀስ ያዢ። ፋይሉን በፍላሽም በኢሜይልም አስቀምጪ።

ስለ ጆርናሉ የጠየቅሽው ብዙዎችን የሚያስፈራ ነገር ነው፣ መልሱ ግን ግልጽ ነው። በኮንፈረንስ የቀረበ አብስትራክት ወይም ፖስተር በአብዛኛው ጆርናል ዘንድ እንደ ቀደመ ህትመት አይቆጠርም። የዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናል አርታዒዎች ኮሚቴ መመሪያም ይህን በግልጽ ይላል፣ የግብርና ጆርናሎችም በብዛት በዚሁ ይሄዳሉ። ያም ሆኖ የምትልኪበትን ጆርናል መመሪያ አንብቢ፣ ስትልኪም በፖስተር መቅረቡን በደብዳቤሽ ጥቀሺ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላ ቦታ ነው። አዲስ መሣሪያ ፈጥረሽ የፈጠራ መብት የምትጠይቂበት ቢሆን ኖሮ ሳታስመዘግቢ አደባባይ ማውጣት መብቱን ሊያሳጣሽ ይችል ነበር። የአንቺ ሥራ እንደዚያ አይደለም። ሰው ፖስተሩን ፎቶ ያነሳል፣ ያንሳ። ማውጣት የማትፈልጊው ቁጥር ካለ ግን መጀመሪያውኑ አታስገቢው። አብረውሽ የሠሩት ሁሉ ረቂቁን አይተው መፍቀዳቸውን፣ ስማቸውም በትክክል መጻፉን አረጋግጪ።

ኪው አር ኮድ ካስገባሽ ሰፋ አድርጊው። አንድ ሜትር ርቆ ለሚያነሳው ሰው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። የሚወስደው ወደ ጉግል ድራይቭሽ ከሆነ «ማንም ሊያየው ይችላል» የሚለውን መክፈትሽን በሌላ ሰው ስልክ ሞክሪ፣ ብዙዎች የሚረሱት እሱን ነው። አዳራሹ ውስጥ ኔትወርክ ላይኖር ስለሚችል ደግሞ ያንኑ የኤ ፎር ረቂቅ ሃያ ቅጂ ያዢ። ሰው ይዞት የሚሄደው ነገር ይወዳል።

አሁን ቆመሽ የምትዪው። ሁለት ንግግር አዘጋጂ፣ የሠላሳ ሰከንድና የሁለት ደቂቃ። የሠላሳ ሰከንዱ ሦስት ነገር ብቻ አለው፦ ችግሩ ምን ነበር፣ ምን አደረግሽ፣ ምን አገኘሽ። ሰው ሲመጣ ወዲያው አታንበልብዪበት። ሰላም ብለሽ «ቡና ላይ ነው የሚሠሩት?» በዪ። መልሱ ከየት መጀመር እንዳለብሽ ይነግርሻል። ለቀማሽ ስለ ስኒ ነጥቡ፣ ለላኪ ስለ እርጥበቱና ስለ ክብደቱ፣ ከሌላ ዘርፍ ለመጣ ሰው ከእሸቱ ጀምረሽ። ፖስተሩን አትጋርጂው፣ ጎን ቁሚ፣ በእጅሽ ግራፉን አሳዪ። ስልክሽን ኪስሽ ውስጥ ክተቺ፣ ስልክ የሚያይ ሰው ጋ ማንም አይቆምም።

አንድ ነገር ጨምሪ፣ ከቻልሽ። መሬት ላይ በ6 ሴንቲ ሜትር የደረቀውንና አልጋ ላይ በ2 የደረቀውን ጀንፈል በሁለት ትንንሽ ጠርሙስ ያዢ። ክፈቺና የመጣው ሰው እንዲያሸታቸው አድርጊ። ግራፍ የማያስቆመውን ሰው ሽታው ያስቆመዋል።

ከሚመጡብሽ ጥያቄዎች አንዱን አሁኑኑ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በ6 ሴንቲ ሜትር አንድ አልጋ የሚበቃው ቡና በ2 ሴንቲ ሜትር ሲሰጣ ሦስት አልጋ ይፈልጋል። እንጨቱን፣ መረቡንና ጉልበቱን ገበሬው ከየት ያምጣው? ቀጭኑ ቶሎ ስለሚደርቅ አልጋው ቶሎ ይለቀቃል ልትዪ ትችያለሽ፣ ግን ከእርጥበት ግራፍሽ ቀኑን ቆጥረሽ አስልተሽ ሂጂ። ምናልባት 4 ሴንቲ ሜትሩ ለገበሬው የሚያዋጣ ይሆናል፣ እንዲህ ከሆነ እሱን ፖስተሩ ላይ ጻፊው። የማታውቂውን ከጠየቁሽ «አላየሁትም፣ ግን እርስዎ ምን ይጠብቃሉ?» በዪና ማስታወሻሽ ላይ ጻፊ። ፈርተሽ የፈጠርሽው መልስ ከዝምታ ይብሳል።

ልምምዱን ክፍልሽ ውስጥ ብቻ አታድርጊው። ለዶርም ጓደኛሽ በእንግሊዝኛ አቅርቢ፣ ከዚያ እዚያው ጅማ መርካቶ ወርደሽ ቡና ለሚሸጡ ሰዎች በአማርኛም በኦሮምኛም ንገሪያቸው። እነሱ ግራ የገባቸው ቦታ ላይ ፕሮፌሰሩም ግራ ይገባዋል፣ አይነግርሽም እንጂ። ሦስቱን ሳምንት እንዲህ ክፈያቸው፦ የመጀመሪያውን ለዓረፍተ ነገሩና ለሁለቱ ግራፎች፣ ሁለተኛውን ለአቀማመጡና ለአማካሪሽ አስተያየት፣ ሦስተኛው ሰኞ ላይ አሳትሚና የቀረውን ቀን ተለማመጂ።

ኮንፈረንሱ ሲያልቅ ፖስተሩን አልጋሽ ሥር አትክተቺው። ሙከራውን ያደረግሽው በገበሬዎች ግቢ፣ በገበሬዎች ቡና ነው። ዓረፍተ ነገሩንና የመጀመሪያውን ግራፍ በኦሮምኛ አድርገሽ፣ ነጥቡንና ፐርሰንቱን ትተሽ፣ ውፍረቱን በጣት ልክ አስይዘሽ አንድ ካሬ ባነር አሳትሚ። ባነር ዝናብ ስለማይፈራ እዚያው ማና እና ጎማ ውስጥ፣ የሞከርሽበት አልጋ አጠገብ ሊሰቀል ይችላል። ቀጣዩ ለቀማ ሳይጀመር ብታደርሺው ነው የምመክርሽ።